ዓመት የሌላት ዶይት

ቅዳሜ ጠዋት የኤንክሃውዘን ሙዚየም ኃላፊ አቶ ስቴፈንስ የሳንቲሞቹን የመስታወት ሣጥን ሊወለውል ጨርቅ ይዞ ቀረበና እጁ አየር ላይ ቀረ። በሰማያዊው ከፋይ ላይ የተደረደሩት ሳንቲሞች ሁሉ በየቦታቸው አሉ። መሐል ላይ ግን ከፋዩ ተጫጭኖ የሰረጎደባት አንዲት ክብ ቦታ ባዶዋን ታፈጣለች።

ኢንስፔክተር ሲብራንድ ኮፍማን ሲደርስ ዝናቡ ኮቱን አበስብሶት ነበር። ሣጥኑን ዞሮ አየው። መስታወቱ አልተሰበረም፤ ቁልፉም አልተፈለቀቀም።

«ከጎኗ ያለው ወርቅ አይደለም እንዴ?» አለ።

«ወርቅ ነው። አልተነካም።»

«ታዲያ የወሰዱት ምንድን ነው?»

«አንዲት ዶይት» አለ ስቴፈንስ፤ ድምፁ እንደ ሐዘንተኛ ዝቅ ብሎ።

ሲብራንድ ፈገግታውን በመሐረቡ ሸፈነ። ዶይት ማለት ድንች ሲቆፈር ከአፈር የምትወጣ፣ እሱና እኩዮቹ ወደቡ ላይ እየወረወሩ የሚጫወቱባት የድሮ መዳብ ናት። ያኔ ባሕሩ በግድብ አልተዘጋም ነበር፤ የአባቱ ጀልባም ዓሣ ጭና ትገባ ነበር። አሁን ውሃው ጨው የለውም፣ ጀልባዎቹም ተሸጠዋል፣ የዶይት ጨዋታ የሚያውቅ ልጅም የለም።

ስቴፈንስ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ትልቅ ፎቶግራፍ ወሰደው። «ይቺ እንደ ሌሎቹ አይደለችም። ይመልከቱ፤ በዚህ ወገን የምዕራብ ፍሪስላንድ አርማ የሆኑት ሁለት አንበሶች ብቅ ብለው ይታያሉ። በዚያኛው ወገን ደግሞ ያሠራት የድሮው የመርከብ ንግድ ኩባንያ ምልክትና ዓመቱ መኖር ነበረበት።»

«የለም።»

«የለም። እነዚያው አንበሶች ናቸው፤ ግን ተገልብጠው ወደ ውስጥ ሰምጠዋል። የቀደመችው ሳንቲም ከመምቻው ብረት ላይ ተጣብቃ ቀርታ ነበር፤ ሠራተኛው ልብ ሳይል የሚቀጥለውን መዳብ በእሷ ላይ መታው። ስለዚህ ይቺ ዶይት ዓመት የላትም። ማክሰኞ አንድ ባለሙያ ከዩትሬክት ሊመዝናትና ሊመረምራት ይመጣ ነበር። አሁን ምን እንደምለው አላውቅም።»

«መጨረሻ ያዩዋት መቼ ነው?»

«ሐሙስ ማታ ስዘጋ ነበረች። አርብ እኔ ከተማ ውስጥ አልነበርኩም። ሙዚየሙን የያዘው ዘበኛው ታይመን ነው።» ስቴፈንስ ዞር ብሎ በሩን አየና ድምፁን ቀነሰ። «የሣጥኑ ቁልፍ አንድ ብቻ ነው። የሚሰቀለውም እሱ ክፍል ውስጥ ነው። መቼም የሰውየውን ታሪክ ያውቁታል።»

ሲብራንድ ያውቀዋል። ታይመን ብላው ከጦርነቱ በኋላ በድብቅ ቅቤ ሲሸጥ ተይዞ ሁለት ወር ታስሯል። ከዚያ በፊት ግን ከሲብራንድ ጋር በአንድ ጀልባ ላይ ያደገ ልጅ ነበር።

ታይመን በዘበኛ ክፍሉ ውስጥ ፒፓውን ሳይለኩስ ነክሶ ተቀምጧል።

«መጣህ?» አለው። «እኔን ለመያዝ ይህን ያህል መበስበስ አያስፈልግህም ነበር። ና ብትለኝ እመጣ ነበር።»

«ማን ይይዝሃል አለ?»

«ስቴፈንስ ነዋ። ጉዳዩ እስኪጣራ ቤትህ ተቀመጥ ብሎኛል። በምሳ ሰዓት ከተማው ሁሉ ይሰማል፤ እስከ ማታ ደግሞ ሚስቴን ከመቃብር አስነሥተው ይነግሯታል።»

«ታይመን፣ ቀልዱን ተወው። አርብ ዕለት ማን ገባ?»

«በዝናብ ማን ይገባል? አንዲት አስተማሪ ልጆቿን ይዛ መጣች። ከዚያ ባልና ሚስት ጀርመኖች። ከዚያ መምህር ላከማን፤ እሳቸው አርብ አርብ ሳይመጡ ቀርተው አያውቁም። ሳንቲሞቻቸው አጠገብ ወንበር አደርግላቸዋለሁ።»

«ቁልፉስ?»

«ከሚስማሩ አልወረደም። እኔም ከዚህ አልተነሣሁም፤ ልጆቹ ወለሉን አጨቅይተውት ለመወልወል ካልሆነ።» ፒፓውን ከአፉ አወጣ። «ስማኝ ሲብራንድ፣ እኔ ብሰርቅ ወርቁን ትቼ መዳብ እሰርቃለሁ? ሌባም እኮ ኩራት አለው።»

ሲብራንድ ሳይወድ ሳቀ። ታይመን ግን አልሳቀም።

መምህር ማይንደርት ላከማን ዕድሜያቸውን ሃርለም ከተማ ልጆች ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ ከተማቸው የተመለሱ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ሳንቲሞቹን ከነሣጥኑ ለሙዚየሙ የሰጡት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኔልትዬ ለእንግዳው ሻይ ቀዱና ከብስኩቱ ቆርቆሮ አንድ አንድ አድለው መስኮቱ አጠገብ ቆሙ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም፤ አንድ ልጃቸው ቪለም ሮተርዳም መሐንዲስ ነው።

«ዶይቷን ያገኘኋት ልጅ ሆኜ ነው» አሉ መምህሩ። «አንድ ክረምት ማዕበል ግድቡን ቦርቡሮት ነበር። ከጓደኛዬ ከክላስ ጋር ወረድን። እሱ ጭቃውን ቆፈረ፣ ያየኋት ግን እኔ ነኝ። በቢላ ስፍቃት አንበሳዋን ጫርኳት፤ አባቴ ጆሮዬን አዞረው። ክላስ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ‘ግማሿ የኔ ናት’ ሲል ኖረ።»

«ክላስ የት ይገኛል?»

«ከሞተ ቆየ። አንዳይክ መንደር ገበሬ ነበር።» ሽማግሌው ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ እንዲያው አትድከም። መዳብ ናት። ሰው አልሞተም።»

«ዘበኛው ታይመን ግን ከሥራው ታግዷል።»

መምህሩ ቀና አሉ። «ታይመን? እሱ ምን አደረገ?»

«ቁልፉ እሱ ጋ ነው።»

መምህሩ ስኒያቸውን መልሰው አነሡ። ወይዘሮ ኔልትዬም ጀርባቸውን እንደሰጡ፣ ያልቆሸሸ የአበባ ማሰሮ በጣታቸው ይጠርጋሉ። ሲብራንድ ወደ ጣቢያው ሲመለስ አንድ ነገር ከነከነው። ንብረቱ የተሰረቀበት ሰው ሁሉ ማን ወሰደው፣ ይገኝ ይሆን ወይ ብሎ ይጠይቃል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ግን ስለ ዶይቷ አንዲት ጥያቄ አልጠየቁም።

ሰኞ ጠዋት ከአምስተርዳም ፖሊስ ስልክ ተደወለ። ኦቶ ብሪንክ የሚባል የድሮ ሳንቲም ነጋዴ መስኮቱ ላይ፣ በሁለቱም ወገን አንበሳ ያለባት ዶይት አስቀምጧል። ሲብራንድ ፎቶግራፉን ይዞ በመጀመሪያው ባቡር ሄደ። በመንገድ ላይ ነገሩ አልቆለታል፤ ሰራቂ ሸጠ፣ ነጋዴ ገዛ፣ ማን እንደሸጠ ይናገራል፣ ታይመንም ወደ ሥራው ይመለሳል።

ብሪንክ ጠባብ ሱቁ ውስጥ ጥያቄውን ሰማና በጣም ሳቀ።

«አርብ ዕለት የተሰረቀች? ጌታዬ፣ ይቺ እኔ ጋ ከገባች አራት ዓመቷ ነው። አልሸጣትም፤ መስኮቱ ላይ ያኖርኳት ሰው ለማማለል ነው።» ከመደርደሪያው አንድ የሰብሳቢዎች መጽሔት አወረደ። የታተመው ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1958 ነው። ገጹ ላይ ያቺው ዶይት አለች።

የሲብራንድ ተስፋ ውሃ በላው። ቢሆንም የሙዚየሙን ፎቶግራፍ አውጥቶ ከዶይቷ አጠገብ አኖረው። ብሪንክ ማጉያ መነጽሩን አጠለቀ። ከአንዷ ወደ ሌላዋ፣ ከሌላዋ ወደ አንዷ አየ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ይቺን ጭረት ያያሉ?» አለ። «የአንበሳው ጀርባ ላይ።»

«የልጅ ቢላ ጭረት ናት» አለ ሲብራንድ።

«በሁለቱም ላይ አለች። ይህ ደግሞ ሊሆን አይችልም።»

«ለምን? ስህተት ተደጋግሞ ቢሆንስ?»

«ስህተት ሁለት ዓይነት ነው። መምቻውን የሚቀርጸው ሰው ፊደል ቢስት፣ ከዚያ ብረት የወጣች ሳንቲም ሁሉ ያንኑ ትስታለች፤ እሱ ይደጋገማል። ሲመታ የሚፈጠረው ስህተት ግን የአንድ አፍታ አደጋ ነው፤ እንደ ሰው ጠባሳ በሉት። አንድ ዓይነት ጠባሳ ያላቸው ሁለት ሰዎች አይገኙም።» መነጽሩን አወለቀ። «አንዷ ከሌላዋ ላይ ቅርጽ ተወስዶ፣ መዳብ ቀልጦ የፈሰሰባት ቅጂ ናት። የኔን መዝኛታለሁ፣ ጠረጴዛ ላይ ጥዬም አጩኼያታለሁ፤ ድምጿ የእውነተኛ ነው። ከእርስዎ ሙዚየም የተሰረቀችው ቅጂዋ ናት።»

ሲብራንድ የሱቁ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሌባው ወርቅ ትቶ ሐሰተኛ መዳብ ሰርቋል።

«ከማን ገዟት?»

«ከአንድ የገበሬ ልጅ። አባቱ ሲሞት ዕቃውን ሸጦ ነው። አንዳይክ ከሚባል መንደር።»

የክላስ መበለት ወይዘሮ ኽሪት ጎተራው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይለቅማሉ። ስለ ዶይቷ ሲጠየቁ እጃቸው ቆመ።

«ልጄ ሳይነግረኝ ሸጣት። እስከዛሬ አልማርኩትም» አሉ።

«ክላስ እንዴት አገኟት?»

«በዚያ የረሃብ ክረምት፣ ጀርመኖች ከተማዎቹን አስርበው ሕዝቡ የአበባ ሥር ቀቅሎ ሲበላ። ከሃርለም ድረስ በእግርም በብስክሌትም እየመጡ በራችንን ያንኳኳሉ። አንድ ቀን የማይንደርት ሚስት መጣች። ብስክሌቷ ጎማ የለውም፤ በባዶ ብረት በበረዶ ላይ እየነዳች። እጇ ከመሪው ጋር ደርቆ እኔ ነኝ በለብታ ውሃ ያላቀቅኳት። ልጇ ሊሞትባት ነው፤ ባሏም ከአልጋ አይነሣም።»

«ዶይቷን ሰጠቻችሁ?»

«ክላስ አልቀበልም አለ። ዕድሜውን ሙሉ ግማሿ የኔ ናት ሲል የኖረው ሰው፣ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጣት አለቀሰ። ‘እንዲሁ ውሰጂ፣ የጓደኛዬ ቤት ነው’ አላት። ‘ልመና አልመጣሁም’ አለችው። ግትር ነበረች። አጃና ባቄላ ጭና ሄደች፤ እስከ ፀደይም ተመላለሰች።»

«ባለቤቷ አላወቁም?»

«ማን ይነግራቸዋል? ክላስን መልሳት ብዬ ብጨቀጭቀው፣ ‘ብመልሳት ኔልትዬን አጋለጥኳት ማለት አይደል?’ ይለኝ ነበር። እንዲህ እያለ ሞተ።»

ሲብራንድ ወደ ኤንክሃውዘን ሲመለስ ሁሉም ነገር መልክ ይዞ ታየው። ባለሙያው ቅጂዋን ሊያጋልጥ ነው። የምትጋለጠው ሴት ደግሞ አለች። ሣጥኑም ከቤቷ የወጣ ነው። ሆኖም የዚያች ሴት ጣቶች ከብስክሌት መሪ ሲላቀቁ በሐሳቡ እያየ፣ በሯን ማንኳኳት ከበደው።

መምህሩም ቤት ነበሩ። በእሳቸው ፊት ደፍሮ መጠየቅ አልሆነለትም። «አምስተርዳም ላይ ዶይቷን የምትመስል አንዲት ተገኝታለች» አለ ብቻ።

ወይዘሮ ኔልትዬ የያዙትን ሳህን አስቀመጡ፤ ፊታቸው ደም አልነበረበትም። ሲብራንድ መምህሩን አየ። እሳቸው ግን ወደ እሱ አልዞሩም። ዓይናቸው የነበረው ሚስታቸው ላይ ነው፤ መሰላል ላይ የወጣ ሰው እንዳይወድቅ ከታች ሆኖ እንደሚጠብቅ ሰው ያዩዋቸዋል።

አመሻሽ ላይ ወይዘሮ ኔልትዬ ባርኔጣቸውን አድርገው ብቻቸውን ወደ ጣቢያው መጡ። ወንበር ሲሰጣቸው አልተቀመጡም።

«አንዳይክ ደርሰህ መጥተሃል፤ ጫማህ ላይ ያለውን ጭቃ አይቻለሁ» አሉ። «እውነት ነው፣ ለክላስ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከመስጠቴ በፊት የጥርስ ሐኪም ቤት የሚሠራ የአጎቴ ልጅ ቅርጿን ወሰደልኝ፤ ወርቅ ጥርስ እንደሚሠሩት አድርጎ መዳብ አፍስሶ መሰሏን ሠራልኝ። ማይንደርት በትኩሳት ላይ ነበር። በጤናው ቀን ያቺን ሳንቲም ሳይዳስስ አይተኛም ነበር። ቪለምን ግን በምን ላብላው?»

«ማንም አይፈርድብዎትም።»

«እኔ በራሴ ላይ እፈርዳለሁ። ሣጥኑን በጠረግኩ ቁጥር ነው የምፈርደው። ለሙዚየሙ ሲሰጥ ‘እፎይ፣ ከቤቴ ወጣች’ አልኩ። ከዚያ ስቴፈንስ ባለሙያ ይመጣል አለ።»

«ስለዚህ ወሰዷት።»

«አልወሰድኳትም» አሉ ፈጠን ብለው። «አስቤ ነበር። ድፍረቱን አጣሁ። አርብ ሙሉ ቀን ሆርን እህቴ ቤት ሆኜ ይህንኑ እያሰብኩ ስፌት ስሰፋ ነው የዋልኩት፤ እሷን ጠይቅ። ተሰረቀች ሲባል ደስ አለኝ። ታይመን መታገዱን ስሰማ ደግሞ በደስታዬ አፈርኩ። የፈለግኸውን አድርገኝ፤ ማይንደርት ብቻ አይስማ።»

ሲብራንድ እህትየው ዘንድ ስልክ አስደወለ። ወይዘሮዋ በማለዳው አውቶቡስ ሄደው በማታው ነው የተመለሱት።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ። «እንዲህ ያለ የድሮ ሣጥን ሁለት ቁልፍ ነው የሚኖረው። ሁለተኛው የት ነው?»

«ማይንደርት ጠፋ ብሎኛል» አሉ ወይዘሮ ኔልትዬ። ወዲያው ባርኔጣቸውን አስተካክለው ወጡ፤ የተናገሩትን ነገር ልብ አላሉትም።

ሲብራንድ ግን መስኮቱ አጠገብ እንደቆመ ቀረ። መሰላሉ ሥር የቆመው ሰው ታየው።

መምህሩን ያገኛቸው ግድቡ ላይ ነው፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጸጥ ያለውን ውሃ ያያሉ። አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ያኔ ከዚህ ቆመን ዓሣ አስጋሪዎቹን እንቆጥር ነበር» አሉ።

«አባቴ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነበር። መምህር፣ ዶይቷ ኪስዎ ውስጥ ናት?»

ሽማግሌው አልደነገጡም። እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው መዳቧን አወጡና በሲብራንድ መዳፍ ላይ አኖሯት። ለስለስ ያለች፣ ጠርዟ ሳሙና የመሰለች ናት።

«መቼ አወቁ?»

«ከአልጋ የተነሣሁ ቀን። አውራ ጣቴን አንበሳዋ ላይ ሳሳርፍ ጭረቷ አለች፤ ግን አትቧጥጥም። ከዚያ በፊት ደግሞ ስበላው የሰነበትኩት ባቄላ ነበር። ኔልትዬ ከቀይ መስቀል ነው አለችኝ። እኔ የአንዳይክ ባቄላ በልቼ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ከቀይ መስቀል አለመሆኑን ምላሴ ያውቀዋል። ሁለቱን ነገር ሳገናኘው ዞሬ ቪለምን አየሁት። ሳህኑን ይልስ ነበር።»

«ለምን አልነገሯቸውም?»

«እንዳልጎዳ ብላ ነው በበረዶ የተንከራተተችው። አውቄያለሁ ብላት ያንን ድካሟን ውድቅ ማድረግ መሰለኝ። ነገ እላታለሁ እያልኩ ቆየሁ፤ ዝምታ ደግሞ ሲከርም መውጫው ይጠፋል። ስቴፈንስ በልጅነቱ ያያትን ዶይት ካላመጡልኝ ብሎ በኔልትዬ ፊት ሲለምነኝ፣ በምን ምክንያት እምቢ ልበል? መስታወት ውስጥ ስለሆነች ማን ይነካታል አልኩ። ባለሙያው ሊመጣ ሲል ጠፋ ባልኩት ሁለተኛ ቁልፍ ከፍቼ ወሰድኳት። ታይመን ወንበር ሊያመጣልኝ ሄዶ ነበር።»

«ታይመን ቤቱ ከገባ ወዲህ መጋረጃውን አልከፈተም።»

«አውቃለሁ። ዛሬ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። የእሱን ስም ላጸዳ ብል የእሷን ምስጢር ላወጣ ነው።» ወደ ሲብራንድ ዞሩ። «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

«ፖሊስ እንደመሆኔ ይህን ልመልስልዎት አልችልም» አለ ሲብራንድ። «ግን ወይዘሮ ኔልትዬ ዛሬ ጣቢያ መጥተው ነበር። የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርስዎ እንዳይሰሙ።»

መምህሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ለቅሶ ይሁን ሳቅ ሲብራንድ ለመለየት አልቻለም። ከዚያ ዶይቷን ከእጁ ወስደው ተነሡ።

«እኔ ልቅደም። ከሰው አፍ አትስማው» አሉ።

በዚያን ቀን በላከማን ቤት የተባለውን ማንም አልሰማም። የጎረቤት ሴት ብቻ፣ ወይዘሮ ኔልትዬ «ይህን ሁሉ ዓመት? ሣጥኑን በጠረግኩ ቁጥር እየተሳቀቅኩ፣ አንተ ታውቅ ነበር?» ሲሉ በግድግዳው በኩል ሰማሁ ብላለች። ከዚያ በኋላ ሳህን ተሰብሯል። በማግስቱ መምህሩ የታይመንን በር አንኳክተው፣ በአደባባይ፣ የዓሣ ገበያው መሐል ክንዱን ይዘው ወደ ሙዚየሙ ወሰዱት፤ ለቆመው ሰው ሁሉ ሌባው እኔ ነኝ እያሉ። ታይመንም «መምህር፣ ይህን ያህል አይጩሁ፤ ሰው ዕብድ ይዤ የምሄድ ይመስለዋል» አላቸው። ይቅር ያላቸው ግን ወዲያው አይደለም፤ ለሁለት አርብ ወንበር አላቀረበላቸውም።

ስቴፈንስ ክሱን ተወ። ባለሙያውም መጣ። ሲብራንድ አስጠርቶት ብሪንክ እውነተኛዋን ዶይት ከአምስተርዳም ይዞ መጥቶ ነበርና፣ ሁለቱ ዶይቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ባለሙያው መዘነ፣ አጮኸ፣ ጻፈ። ሲጨርስ ብሪንክ እውነተኛዋን አንሥቶ እንዲያዩዋት ለመምህሩ ዘረጋላቸው።

መምህሩ አልተቀበሉም። «ለእሷ ስጣት» አሉ።

ከመጡ ጀምሮ ከባላቸው ራቅ ብለው የተቀመጡት ወይዘሮ ኔልትዬ ጓንታቸውን አወለቁ። መዳቧን በመዳፋቸው ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጓት። አንበሶቹን አዩ፤ ተገልብጠው የሰመጡትን አንበሶች አዩ። መምህሩ ተነሥተው አጠገባቸው ቆሙ፤ ወይዘሮዋም አላራቋቸውም።

«ማይንደርት» አሉ ወይዘሮ ኔልትዬ፤ ዓይናቸውን ከዶይቷ ላይ ሳያነሡ። «እንዲህ ትንሽ ነበረች እንዴ?»